ከክራክ ፕሮግራም ወደ ነጻ ሶፍትዌር በምን ቅደም ተከተል ልሻገር?

የአንባቢ ደብዳቤ፦

«ጅማ ውስጥ፣ በፈረንጅ አራዳ አካባቢ፣ አነስተኛ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። በሁለት ኮምፒውተርና በአንድ ሌዘር ማተሚያ ማመልከቻ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሠርግ መጥሪያ ካርድና ማስታወቂያ እሠራለሁ። ፕሮግራሞቼ በሙሉ ክራክ፣ ማለትም ሳይከፈልባቸው መቆለፊያቸው ተሰብሮ የተባዙ፣ ናቸው። ባለፈው ክረምት ከደንበኛ ፍላሽ በገባ ቫይረስ የሁለት ዓመት ሥራዬ ጠፋ። አንድ የኮምፒውተር ተማሪ ወደ ነጻ ሶፍትዌር እንድቀይር፣ አልፎም በበጎ ፈቃድ እንድሳተፍበት መከረኝ፤ እኔ ግን ፕሮግራም መጻፍ አልችልም። ባለቤቴ ደግሞ ‹በማታውቂው ሰው ማሳ ላይ ደቦ ልትወጪ ነው?› ይለኛል። ሥራዬ ሳይስተጓጎል መሻገር እችላለሁ? ለመሳተፍስ እኔ ምን አለኝ? ደንበኛ ሲጠይቀኝስ ምን እላለሁ?»

ባለ ፎቶ ኮፒ ቤቷ፣ ከጅማ

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

ከሁሉ በፊት ለጠፋብዎት ሥራ ከልብ አዝኛለሁ። በፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር ውስጥ የሚቀመጠው ፋይል የባለቤቱ ብቻ እንዳልሆነ፣ ከዓመት በኋላ «ያችን ማመልከቻዬን እስቲ አውጪልኝ» ብሎ የሚመጣ ደንበኛ እንዳለ፣ እኔም ለዓመታት በዚሁ ሥራ ስለኖርኩ አውቀዋለሁ።

ቫይረሱ በደንበኛ ፍላሽ እንደገባ ጽፈዋል። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም በሩን አስቀድሞ የከፈተለት ክራኩ ሊሆን እንደሚችልም ያስቡበት። ክራክ ሲጫን ከሚሰጡት መመሪያዎች መካከል ዘወትር የማይቀረው «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፋ» የሚለው ነው፤ ብዙዎቻችንም አጥፍተን ከጫንን በኋላ መልሰን አናበራውም። ከዚህ በተጨማሪ የኮምፒውተር ፕሮግራም በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ ያለው ሥራ በመሆኑ፣ ያለፈቃድ የተባዛ ፕሮግራም ይዞ መነገድ በሕግም የሚያስጠይቅ ነው። አንድ ነገር ግን በግልጽ ልንገርዎት፤ ፕሮግራም መቀየር ብቻውን ፋይል ከመጥፋት አያድንም። ከዛሬ ጀምሮ በየሳምንቱ መጨረሻ የሥራዎን ቅጂ በውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ ያስቀምጡ፤ ሃርድ ዲስኩንም ቅጂው እንዳለቀ ከኮምፒውተሩ ነቅለው ቤትዎ ያኑሩት። ሌላው ምክሬ ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ተማሪው «ነጻ» ሲልዎት ምን ማለቱ እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። በአማርኛችን «ነጻ» እና «በነጻ» የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ነው፤ የሁለተኛው ትርጉም ገንዘብ አለመክፈል ሲሆን የመጀመሪያው ግን አለመታሰር ነው። ነጻ ሶፍትዌር የሚባለው ለተጠቃሚው አራት መብቶችን የሚሰጥ ነው፦ ለፈለጉት ዓላማ መጠቀም፣ አሠራሩን ከፍቶ ማጥናትና መለወጥ፣ ቅጂውን ለሌላ ሰው መስጠት፣ የለወጡትንም ማካፈል። ሐሳቡ የተወለደው ከእርስዎ ሥራ በማይርቅ ቦታ፣ በማተሚያ አጠገብ ነው። በአሜሪካው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ስቶልማን፣ ላቦራቶሪው ያገኘው አዲስ የሌዘር ማተሚያ ወረቀት እየያዘ ሲያስቸግር፣ ወረቀት በተያዘ ቁጥር ለተጠቃሚዎቹ መልእክት የሚልክ ማሻሻያ ሊጨምርበት ፈለገ፤ በቀድሞው ማተሚያ ላይ እንዲሁ አድርጎ ነበርና። የፕሮግራሙ ምንጭ ኮድ፣ ማለትም ተነቦ ሊለወጥ የሚችለው የፕሮግራሙ ጽሑፍ፣ በእጁ የነበረው ሰው ግን ላለማካፈል ቃል ገብቻለሁ ብሎ ከለከለው። ስቶልማን በ1983 እ.ኤ.አ. ግኑ የተባለውን ፕሮጀክት ያወጀው ይህን የመሰለውን ክልከላ አልቀበልም ብሎ ነው። የወረቀት መያዝ ምን ያህል እንደሚያበሳጭ ለእርስዎ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

አሁን ወደ መሻገሩ ልምጣ። በምንም ምክንያት ሁለቱን ኮምፒውተሮች በአንድ ሌሊት ፎርማት አድርገው ጠዋት ሱቅ አይክፈቱ። ሊብሬኦፊስ ለጽሑፍ፣ ኢንክስኬፕ ለካርድና ለማስታወቂያ ሥዕል፣ ጊምፕ ለፎቶ፣ ስክሪበስ ለገጽ ቅንብር፣ አራቱም በዊንዶውስ ላይ ይሠራሉ፤ ስለዚህ ያለውን ሳይነኩ ጎን ለጎን ሊጭኗቸው ይችላሉ። ሊብሬኦፊስ ብቻውን ከ300 ሜጋባይት በላይ ስለሆነ በሌሊት ጥቅል አንድ ጊዜ ያውርዱትና በፍላሽ ያስቀምጡት፤ ከፕሮጀክቱ ከራሱ ይፋዊ ገጽ ብቻ ይውሰዱ፤ ስሙን አስመስለው ሌላ ነገር የሚያስጭኑ ገጾች አሉና። ያንኑ ፍላሽ ለጎረቤት የጽሕፈት ቤት ቢያውሱም ማንም አይጠይቅዎትም፤ ፈቃዱ ራሱ አባዝታችሁ ስጡ ይላል።

ከዚያ ሥራዎን በየዓይነቱ ያሻግሩ። በማመልከቻ ይጀምሩ፤ አንድ ገጽ ነው፣ ቢበላሽም በአምስት ደቂቃ ይታረማል፣ በቀንም ብዙ ጊዜ ስለሚሠራ እጅዎ ቶሎ ይለምደዋል። ማመልከቻው ያለ ችግር ከሄደልዎት በሁለተኛው ወር የመጥሪያ ካርድ ወደ ኢንክስኬፕ ያምጡ። በኮረልድሮው የሠሯቸውን የቀድሞ ካርዶች ሊብሬኦፊስ ከስሪት 3.6 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ መክፈት ይችላል። ይህን ያስቻሉት የፋይሉን አሠራር ፍሬ በፍሬ እየፈቱ ያጠኑ ሰዎች ናቸው፤ እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር እጅግ እደነቃለሁ። ሆኖም ሁሉም ካርድ እንደነበረ አይከፈትም፤ ጽሑፉ ቦታውን ሊለቅ፣ የቀለሙ ሽግግርም ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ ሁሉንም ለመለወጥ አይድከሙ፤ ደንበኛ ደጋግሞ የሚመርጣቸውን አሥር ወይም አሥራ ሁለት ንድፎች ብቻ በአዲስ መልክ ይሥሩ።

ፎቶን በሦስተኛ ደረጃ ያድርጉት። ጊምፕ ለጉርድ ፎቶ፣ ለመቁረጥና ብርሃን ለማስተካከል ከበቂ በላይ ነው። የሚያንሰው በኅትመት ቀለም ላይ ነው፤ ማተሚያ ቤቶች የሚፈልጉት ባለ አራት ቀለም አዘገጃጀት ለረጅም ጊዜ የጊምፕ ደካማ ጎን ሆኖ ቆይቷል። ወደ ትልቅ ማተሚያ ቤት የሚላክ ሥራ ሲኖርዎት የመጨረሻውን ገጽ በስክሪበስ አቀናብረው በፒዲኤፍ ያውጡ፤ ከሙሉው ሥራ በፊትም አንድ ቅጂ አሳትመው ቀለሙን በዓይንዎ ይዩ።

የመመረቂያ ጽሑፍን መጨረሻ ላይ የማስቀምጠው ብዙ ሰው በዚህ ጀምሮ ተስፋ ስለሚቆርጥ ነው። ተማሪው ጽሑፉን በወርድ ጽፎ፣ አማካሪው በወርድ አስተያየት ጨምሮበት፣ ማውጫና ሠንጠረዥ ያለው መቶ ገጽ ይዞ ይመጣል፤ እርስዎ በሊብሬኦፊስ ሲከፍቱት የተጻፈበት የፊደል ዓይነት (ፎንት) በኮምፒውተሩ ላይ ከሌለ መስመሩ ይገፋል፣ ገጹም ይዛነፋል። ለእንግሊዝኛው ሊበሬሽን ሰሪፍ የተባለው ነጻ ፊደል ከታይምስ ኒው ሮማን ጋር፣ ካርሊቶ የተባለው ደግሞ ከካሊብሪ ጋር በስፋት እኩል ሆነው ስለተሠሩ ችግሩን በእጅጉ ያቃልላሉ። ቢሆንም ተማሪው ራሱ በፒዲኤፍ አውጥቶ እንዲያመጣ መጠየቅ ከሁሉ ይሻላል፤ እርስዎ ማተም ብቻ ይሆናል ሥራዎ። ማስተካከል ግድ የሚሆንበት ደንበኛ ከበዛ፣ በአንደኛው ኮምፒውተር ላይ የወርድን ሕጋዊ ፈቃድ ገዝተው መጠቀም ከክራኩ የሚያላቅቅ ሐቀኛ መንገድ ነው፤ ይህን በማድረግዎ ከነጻ ሶፍትዌር የራቁ አድርገው ራስዎን አይቁጠሩ።

የግዕዝ ፊደል ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት። በቀድሞው ዘመን የተሠሩት የአማርኛ መጻፊያዎች የእኛን ፊደል በላቲን ፊደል ቁጥር ላይ ስለሚያስቀምጡ፣ በእነርሱ የተጻፈ ደብዳቤ ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ቅልቅል ሆኖ ይታያል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ፣ ማለትም ለየቋንቋው ፊደል የየራሱን ቁጥር በሚሰጠው የጋራ ሥርዓት፣ የራሱን ቦታ ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። አሁን የሚጽፉትን ሁሉ በዩኒኮድ ይጻፉ፤ ለመተየቢያ ኪማን አለ፣ እርሱም ምንጩ ክፍት ነው፤ ለፊደል ደግሞ አቢሲኒካና የኖቶ ግዕዝ ፊደሎች አሉ፣ ፈቃዳቸውም ለንግድ ሥራ መጠቀምን፣ ማባዛትንና ማሻሻልን ይፈቅዳል። የቀድሞ ፋይሎችዎን ወደ ዩኒኮድ ሲቀይሩ ውጤቱን ሳያነቡ አያስቀምጡ፤ አንድ ፊደል ቢሳሳት የሰው ስም ይለወጣል።

ሊኑክስን፣ ማለትም በዊንዶውስ ቦታ የሚጫነውን ነጻ የኮምፒውተር ሥርዓት፣ አሁን አይንኩት። አራቱን ፕሮግራሞች ሦስትና አራት ወር ከለመዱ በኋላ ግን ጊዜው ይደርሳል፤ ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ በጥቅምት ወር 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል፣ ብዙ አሮጌ ኮምፒውተሮችም ተከታዩን ስሪት አይቀበሉም። ሊኑክስ ሚንት ሳይጫን ከፍላሽ ተነሥቶ ይሞከራል፤ ሲሞክሩት ከሁሉ በፊት ማተሚያዎን ይፈትሹ፤ በሁለት ገጽ ማተሙን፣ ስካን ማድረጉን፣ የወረቀት መጠን መቀበሉን። ማተሚያው እሺ ካላለ ያ ኮምፒውተር ባለበት ይቆይ።

«ለመሳተፍ እኔ ምን አለኝ?» ላሉት፣ ከሚያስቡት በላይ አለዎት እልዎታለሁ። ይህን የምለው ለማጽናናት አይደለም። በጅማ አንድ የሱቅ ማስታወቂያ ሲሠራ በአንድ ሰሌዳ ላይ አፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ አማርኛ በግዕዝ ፊደል፣ አንዳንዴም እንግሊዝኛ አብሮ ይጻፋል። ሁለቱ ጽሕፈቶች በአንድ መስመር ሲውሉ የከፍታቸው ነገር አይጣጣምም፤ «ሁዻ» የምትባለዋን የአናት ጭረት የጽሑፍ ፕሮግራሞች የጥቅስ ምልክት መስላቸው ሊለውጧት ይችላሉ፤ ሁለት ነጥብና አራት ነጥብ በመስመር መጀመሪያ ላይ ብቻቸውን ሲወድቁ ገጹ ያስጠላል። እነዚህን ፕሮግራሞች በጀርመን ወይም በብራዚል ተቀምጦ የሚጽፍ በጎ ፈቃደኛ እንዲህ ያለ ሰሌዳ አይቶ አያውቅም። ያላየውን ስሕተት ሊያርም አይችልም። እርስዎ ግን በየቀኑ ያዩታል፤ ሲያዩትም እንደ ሁላችን በእጅ አስተካክለው ያልፉታል፤ ስሕተቱም ለሚቀጥለው ሰው ይቆያል።

እኔ የመጀመሪያዬን የስሕተት ሪፖርት ለፕሮግራሙ ሠሪዎች የጻፍኩት በአንድ የሥዕል ፕሮግራም ላይ ነበር። አማርኛ ጽሑፍ በፒዲኤፍ ሳወጣ ከፊሉ ፊደል ባዶ ሣጥን ይሆንብኛል፤ እኔም ተናድጄ «አማርኛ አይሠራም» ብዬ አንድ መስመር ጻፍኩ። በማግሥቱ አንድ በጎ ፈቃደኛ ሦስት ጥያቄ ጠየቀኝ፦ የትኛው ስሪት ነው? የትኛው ፊደል ነው? ስሕተቱ የሚታይበትን ፋይል ልትልክልኝ ትችላለህ? እኔ እንደተናቅሁ ቆጥሬ ለወራት ሳልመልስ ቀረሁ። በኋላ ተመልሼ ሁለት ቃል ብቻ ያለበት ፋይል ስልክለት፣ ሀን ከለ የማይለየው ያ ሰው ስሕተቱን በዚያው ሳምንት አገኘው። ሰውየው የጠየቀኝ ሊረዳኝ ፈልጎ እንደነበር ሳስበው፣ ያባከንኳቸው ወራት እስከ ዛሬ ይቆጩኛል።

ስለዚህ ሲጽፉ እንዲህ ያድርጉ። መጀመሪያ ሌላ ሰው አስቀድሞ አመልክቶት እንደሆነ ይፈልጉ፤ ካለ አዲስ አይክፈቱ፣ የእርስዎን ምሳሌ በዚያው ይጨምሩ። ከሌለ የፕሮግራሙን ስሪት፣ የኮምፒውተሩን ሥርዓት፣ የፊደሉን ስም፣ ምን እንዳደረጉ፣ ምን እንደጠበቁና ምን እንደሆነ በቅደም ተከተል ይግለጹ። የደንበኛዎን ደብዳቤ እንዳለ አይላኩ፤ የሰው ስምና ስልክ አለበትና። ስሕተቱ የሚታይበትን ሁለት መስመር ብቻ በአዲስ ፋይል ይጻፉና እርሱን ያያይዙ፣ ትክክለኛው መልክ ምን መምሰል እንደነበረበትም በወረቀት ጽፈው ፎቶውን ያክሉበት። እንግሊዝኛዎ ያጠረዎት እንደሆነ ያ መንገድ ያሳየዎት ተማሪ ይርዳዎት፤ አጫጭር ዐረፍተ ነገር ይበቃል። አንድ ጽሑፍ ስለ አንድ ስሕተት ብቻ ይሁን።

ትርጉምም አለ። የሊብሬኦፊስ ምናሌ በአማርኛ መሆን ይችላል፤ ይህም በበጎ ፈቃደኞች እጅ የተሠራ ነው። እርስዎ የቀን ተቀን ተጠቃሚ ስለሆኑ የትኛው ቃል ሰውን እንደሚያደናግር ያውቃሉ። ለመተርጎም ሲቀመጡ በማሽን የተተረጎመ ጽሑፍ በጅምላ አያፍስሱበት፤ ያንን ማረም አዲስ ከመተርጎም ይብሳል። በዐረፍተ ነገሩ መካከል የመቶኛ ምልክትና አንድ ፊደል ካዩ ፕሮግራሙ ቁጥር ወይም ስም የሚያስገባበት ቦታ ስለሆነ ሳይነኩ ይተዉት። አፋን ኦሮሞ አጥርተው የሚጽፉ ከሆነ ደግሞ በዚያም በኩል ቢሠሩ በጣም ደስ ይለኛል፤ በከተማችን በሁለቱም ቋንቋ የሚጽፍ እጅ ብዙ ነው።

የባለቤትዎ ጥያቄ ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ በአክብሮት ልመልሰው። ደቦ ሲወጣ ባለ ማሳው ይታወቃል፣ ምግቡም ይቀርባል፤ ዳዶ ከሆነ ደግሞ ዛሬ የሠሩለት ሰው ነገ ተራውን ይከፍላል። በነጻ ሶፍትዌር ተራ የሚቆጥር የለም፤ ከዚህ አንጻር ባለቤትዎ ልክ ናቸው። ነገር ግን ማሳው የማያውቁት ሰው ብቻ አይደለም። ዛሬ ያስታረሙት ፊደል ነገ በእርስዎ ሱቅ ከማተሚያው ላይ ይወጣል። ትልልቅ ኩባንያዎችም በዚሁ ሥራ ያተርፋሉ፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ግኑ ጂፒኤል በሚባለው ፈቃድ የወጣ ፕሮግራም ግን ማንም አሻሽሎ ለሌላ ሲያሰራጭ የተሻሻለውን ምንጭ ኮድ ለተቀባዩ እንዲከፍት ያስገድዳል፤ ኢንክስኬፕና ጊምፕ በዚህ ፈቃድ የወጡ ናቸው። ሌሎች ፈቃዶች እንዲህ አያስገድዱም፤ ጊዜዎን ከመስጠትዎ በፊት ፈቃዱን ማየት መብትዎ ነው። መጠኑንም ይወስኑ፤ በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ያውም ገበያ በሚቀዘቅዝበት ቀን፣ በቂ ነው። የቤቱ ገቢ ከተነካ ይተዉት።

መልስ ቢዘገይብዎትም አያስጨንቋቸው። ኤክስዜድ የሚባለውን ትንሽ ፋይል መጨመቂያ ለዓመታት የያዘው አንድ በጎ ፈቃደኛ ነበር። ሰዎች ለምን ዘገየህ እያሉ ሲወተውቱት ሥራውን ረዳት መስሎ ለቀረበ ሰው አጋራ፤ ያም ሰው ከሁለት ዓመት በላይ አመኔታ ሲያተርፍ ቆይቶ የተደበቀ በር አስገባበት። በሩ በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ሊገኝ የቻለው አንድ መሐንዲስ የኮምፒውተሩ መግቢያ በግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱን አስተውሎ ምክንያቱን ስለተከታተለ ነው። ሁለቱንም ነገር ከዚህ እናያለን፤ በጎ ፈቃደኛን ማጣደፍ ምን እንደሚያስከትል፣ ለትንሽ እንከን ትኩረት መስጠትም ምን እንደሚያድን።

ደንበኛ ሲጠይቅዎት ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም። ካርዱን ይዩትና ይፍረዱ ይበሏቸው። አንድ ነገር ግን ከሌላው ጽሕፈት ቤት የተለየ ሊሰጧቸው ይችላሉ፤ ሥራው ሲያልቅ ከታተመው ካርድ ጋር ዋናውን ፋይልና የተሠራበትን ፕሮግራም በፍላሻቸው ገልብጠው ይስጧቸው። ፍላሹን ግን ከመክፈትዎ በፊት በአንቲቫይረስ ይፈትሹት።